ለመርሳት ሕመም አስታማሚ የትኛው የኦንላይን አቻ ድጋፍ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

እናቱን ወይም አባቱን ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም) የያዘበት ሰው ስልኩን ከፍቶ ድጋፍ ቢፈልግ አያጣም፤ የሚያስቸግረው መብዛቱ ነው። የእንግሊዝ ፎረም አለ፣ የአሜሪካ ፎረም አለ፣ በዙም የሚገናኙ ቡድኖች አሉ፣ ብዙ ሺህ አባል ያላቸው የፌስቡክ ግሩፖች አሉ፣ አንዲት የዘመድ ልጅ የከፈተችው የቴሌግራም ግሩፕም አለ። ሁሉም በነጻ ነው ይላሉ፣ ሁሉም «አይዞህ» ይላሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ውስጥ ይገባና ጥቂት ሰንብቶ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሁሉንም ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያልሆነው ድጋፉ ሳይሆን የመረጠው ዓይነት ነው።

እዚህ የሚነጻጸረው የአቻ ድጋፍ ነው፤ ማለትም በዚያው ነገር ውስጥ ያለ ወይም ያለፈ ሰው ለሌላው የሚሰጠው። ሐኪም ወይም አማካሪ የሚሰጠው ሌላ ጉዳይ ነው። የአቻ ድጋፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሀገራችን በኤች አይ ቪ ዘመን አይታለች። የመርሳት ሕመም ግን እስከ ዛሬ በብዙ ቤት «እርጅና ነው»፣ «ጃጅታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው፤ ከነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የኦንላይን ድጋፎች ግን የተሠሩት በእንግሊዝኛ፣ ለለንደንና ለቺካጎ ኑሮ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አስታማሚ እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥመዋል፦ ቋንቋው ያለበት ቦታ የሚያውቀው ሰው አለ፤ የሚያውቀው ሰው የሌለበት ቦታ ደግሞ ቋንቋው የለም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ችግር ዙሪያ ይዞራል።

## መመዘኛዎቹ

ማን ያየዋል? አንድ ሌሊት ላይ እናታችሁ ልብሷ ላይ እንደሸናች፣ ወይም አባታችሁ ሌባ ናችሁ ብሎ ከዘራ እንዳነሣባችሁ ትጽፉ ይሆናል። ያንን ማን ያነበዋል? ጎግል ላይ ይወጣል? ስልክ ቁጥራችሁ አብሮ ይታያል? ከአባላቱ መካከል የእናታችሁ የማኅበር ጓደኛ ልጅ አለች? እኔ ይህንን ከሁሉም አስቀድማለሁ። በሌላው ነገር ያልተስማማ ሰው ግሩፑን ለቆ መውጣት ይችላል፤ አንዴ የወጣ የቤት ገመና ግን አይሰበሰብም።

በስንት ሰዓት ይገኛል? ብዙ ታማሚዎች ወደ ማታ ይብስባቸዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቁነጥነጥ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት፣ ሌሊት ተነሥቶ በር መታገል ይመጣል። በወር አንድ ማክሰኞ የሚገናኝ ቡድን ለዚያ ሌሊት አይደርስም። በውጭ አገር ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ ደግሞ መቆጠር አለበት። በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 7 የሚጀመረው በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 9 ይሆናል። የለንደኑ የምሽት 7 ግን በበጋቸው ከምሽቱ 3፣ በክረምታቸው 4 ሰዓት ላይ ስለሚውል ታማሚውን አስተኝቶ ለመግባት ይመቻል።

በምን ቋንቋ? ቢሮ የሚያሠራ እንግሊዝኛ ሁልጊዜ ሆድ ለመግለጥ አይበቃም። ማንበብና መናገርም ይለያያሉ፤ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚገባው ነገር ግን በስብሰባ መሀል አፉ የሚያያዝ ሰው ብዙ ነው።

ጠባቂ አለው? ማለትም የማይሆን ነገር ሲለጠፍ የሚያነሣ፣ ስድብ የሚያስቆም፣ ሰው ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ ሲጽፍ አይቶ የማያልፍ ሰው። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልዛይመርን (ዋናውን የዲሜንሺያ ዓይነት) ያድናሉ እየተባሉ ያልተፈቀዱ ምርቶችን ለሚሸጡ 17 ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ጠባቂ የሌለው ግሩፕ የእነዚህ ሻጮች ገበያ ነው።

ለማን ተከፈተ? ለአስታማሚ፣ ለታማሚ፣ ወይስ ለሁለቱም? ከምርመራ በኋላ ለዓመታት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ታማሚዎች እንዳሉ ይረሳል። ድብልቅ በሆነ ቦታ ልጅ «ሰለቸኝ» ብላ የጻፈችውን አንድ አባት ተቀምጦ ያነበዋል።

ምን ያስወጣል? ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ የአባልነት ክፍያ የላቸውም። ወጪው ዳታ ነው። አንድ ሰዓት የዙም ቪዲዮ በቡድን ሲሆን ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ካሜራ ዘግቶ፣ የሌሎቹንም ምስል አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መከታተል ግን ጥቂት አሥር ሜጋባይት ነው። የጽሑፍ ፎረም ከሁሉም ርካሽ ነው።

## የጽሑፍ ፎረሞች

ሁለቱ ታዋቂዎች የእንግሊዙ አልዛይመርስ ሶሳይቲ የሚያስተዳድረው ዲሜንሺያ ሰፖርት ፎረም (ቀድሞ ቶኪንግ ፖይንት ይባል የነበረው) እና የአሜሪካው አልዛይመርስ አሶሲዬሽን የከፈተው አልዝኮኔክትድ ናቸው። ሁለቱም ሌት ተቀን ክፍት ናቸው፣ ሁለቱም በብዕር ስም ይገባባቸዋል፣ ሁለቱም ተቆጣጣሪ አላቸው።

የፎረም ትልቁ ሀብት የተከማቸው ነው። ስለ ገላ መታጠብ እምቢታ፣ ስለ መኪና ቁልፍ መደበቅ፣ ባሏን «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ስለምትል ሚስት፣ ለዓመታት የተጻፈ ጥያቄና መልስ አለ። አንዲት ቃል ሳይጽፉ ማንበብ ብቻ ይቻላል፤ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው እፎይታ የሚመጣው እዚያ ነው፣ የራሱ ቤት ጉድ የሌላውም ቤት ጉድ መሆኑን ሲያይ። በምስጢር በኩልም ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የደብረ ብርሃኗ እናታችሁ ለማንቸስተር ሰው ማንም አይደለችም። አንድ ጥንቃቄ አለ። አብዛኛው ክፍል ሳይመዘገቡ የሚነበብ ስለሆነ የሚጻፈው በፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የከተማ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የልጆች ብዛት አትጻፉ፤ ከሦስቱ ተገጣጥሞ ሰው ይታወቃል።

ድክመቱ ምክሩ ከአገሩ ሕግ ጋር የተጣበቀ መሆኑ ነው። የእንግሊዞቹ ገጽ ግማሹ ስለ ካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) እና ስለ ድጎማ፣ የአሜሪካኖቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ስለሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ስለ ሜዲኬድ ነው። እዚያው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ወርቅ ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠች አስታማሚ ግን «ለሁለት ሳምንት ማረፊያ ቤት አስገቢያቸው» የሚል መልስ ከስድብ አይተናነስም። የጠባይ ለውጥ፣ የምግብ፣ የእንቅልፍ ጉዳይ ከአገር አገር ይሄዳል፤ የገንዘብና የሕጉን ዝለሉት።

በነዚህ ፎረሞች የተለመዱ አጽሕሮቶች አሉ፤ «ፒ ደብሊው ዲ» ሲሉ ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ማለታቸው ነው፣ «ኦ ኤች» የትዳር አጋር፣ «ኤም አይ ኤል» አማት። ጥቂት ቀን ያነበበ ሰው ይለምደዋል።

## አወያይ ያላቸው የቪዲዮ ቡድኖች

እነዚህ በቀጠሮ ይገናኛሉ፣ ምዝገባ አላቸው፣ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ የሠለጠነ አወያይ ይመራቸዋል። የአሜሪካው አልዛይመርስ አሶሲዬሽን በየአካባቢው ቅርንጫፍ በኩል ያዘጋጃቸዋል፤ በእስራኤል ዕምዳ የተባለው የአልዛይመር ማኅበር የድጋፍ ቡድኖች አሉት፣ ቋንቋው በዋናነት ዕብራይስጥ ነው።

የዚህ ዓይነት ድጋፍ ከፎረም የሚለየው ሰው ስምን ይዞ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። «ባለፈው አባትሽ መብላት አቁመው ነበር፣ እንዴት ሆኑ?» የሚል ሰው አለ። መድከማችሁን ከፊታችሁ ያነባሉ። በሌላ በኩል ሰዓቱን ማክበር ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ታማሚውን የሚጠብቅ ሰው ካልተገኘ አይሆንም። ብዙዎቹ ቡድኖች የሚያገለግሉት በዚያው አገር ወይም ክፍለ ግዛት ለሚኖር ሰው ስለሆነ ከመመዝገብ በፊት «ከውጭ አገር ትቀበላላችሁ?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል።

ከሁሉም አስፈላጊ የሚሆኑት ሕመሙ የተለመደው ዓይነት ሳይሆን ሲቀር ነው። ከዲሜንሺያ ታማሚዎች 60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ የትም ግሩፕ ብትገቡ ወሬው የአልዛይመር ነው፣ መርሳት ነው። ፍሮንቶቴምፖራል የተባለው ዓይነት ግን መጀመሪያ የሚነካው ጠባይን ወይም ንግግርን ነው። የተከበረ አባት ድንገት ነውር የማያውቅ ይሆናል፣ ያገኘውን ይገዛል፣ ትዝታው ግን ደህና ነው። በሌዊ ቦዲ ዓይነት ደግሞ የሌለ ሰው ማየት፣ የሰውነት መገታተር፣ ቀን በቀን መለዋወጥ ይኖራል። የነዚህ አስታማሚዎች በአጠቃላይ ግሩፕ ውስጥ ብቸኝነታቸው ይብሳል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥር ያለው ሬር ዲሜንሺያ ሰፖርት፣ በአሜሪካ ኤ ኤፍ ቲ ዲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የፍሮንቶቴምፖራል ማኅበርና የሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ አሶሲዬሽን ለነዚህ የተለዩ ቡድኖች አሏቸው። በእንግሊዝኛ መንተባተብም ቢሆን እዚያ ገብቶ የሚረዳ ሰው ማግኘት ይሻላል።

## የፌስቡክ ግሩፖች

ፌስቡክን ለይቼ አልወደውም፤ ግን ብዙ ሰው ያለው እዚያ ነው። መልስ በደቂቃ ይመጣል። መልሱ ምን እንደሆነ ሌላ ነገር ነው።

ክፍት በሆነ ግሩፕ ውስጥ የምትጽፉትን ማንም ያየዋል። ዝግ በሆነው አባል ብቻ ያያል፤ ነገር ግን አባሉ ብዙ ሺህ ከሆነ ዝግ መባሉ ስም ብቻ ነው፣ ስክሪንሾት የሚያነሣ አይጠፋም። ስም ደብቆ መለጠፍ የሚቻልባቸው ግሩፖች አሉ፤ አድሚኑ ግን ስማችሁን ያየዋል። አድሚኑ ማን እንደሆነ ሳታውቁ በዚህ አትተማመኑ። ከመግባታችሁ በፊት የግሩፑን ደንብ አንብቡ፤ ደንብ ከሌለው ወይም መጀመሪያ ላይ የምታዩት ፖስት «በሦስት ሳምንት የዳነች እናት» ከሆነ ተመለሱ።

## በአማርኛ፣ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተመርጦ የሚገባበት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ራሳችሁ የምትከፍቱት ነው።

የእንግሊዝ ፎረም የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ከሰል አቀጣጥላ ጀበና ጥዳ የምትረሳ እናት ቡና ማፍላቷን እንዴት ትከልከል? ቡናው የእሷ ክብር ነውና። በጾም ወራት «አልቆረብኩም እኮ፣ ምግብ አትስጡኝ» የምትለውንና ከሰዓት በኋላ መብላቷን የምትረሳውን ማን ያሳምናት? ነጠላዋን ለብሳ ኪዳን ልታደርስ ብላ ሌሊት 10 ሰዓት ከግቢ ለምትወጣውስ? ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «ማን ነኝ በይ እስቲ? አወቅሽኝ?» እያለ ሲፈትናት፣ ሳያስቀይሙ እንዴት ይነገረዋል? በአማርኛ ከአምስት አስታማሚዎች ጋር ብታወሩ ሦስቱ ይህንን አልፈውበታል።

መርዶን ውሰዱ። እህቷ የሞተባት የመርሳት ታማሚ ይነገራት ወይስ አይነገራት? በእንግሊዝኛ ፎረሞች ይህ የማያልቅ ክርክር ነው፤ አንዱ ወገን እውነቱን አንድ ጊዜ ተናግሮ ከዚያ ወሬ ማስቀየስ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ ሰምታ በየቀኑ ታለቅሳለችና ዝም ይባል ይላል። ሁለቱም የሚያውቁት ሐዘን ግን በስልክ የሚነገርና የቀብሩ ዕለት ሥርዓቱ የሚያበቃ ነው። የኛ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እስከ ሳልስትና ከዚያም በላይ ቤቱ ሰው ይሞላል። መደበቅ ከተባለ ለቅሶው በየትኛው ልጅ ቤት ይቀመጥ? የዕድሩ ዳኛ ምን ይባል? «ለእህቷ እንኳ አላለቀሰችም» የሚለውን አፍ ማን ይዝጋ? ይህንን የሚመክር ያለፈበት ሐበሻ ብቻ ነው።

ጥንካሬው ይህ ሲሆን አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ወግህን የሚያውቅ ሰው ቤትህንም ያውቃል። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቦሌ የሐበሻ ዓለም ጠባብ ነው። ስለዚህ ግሩፑን ትንሽ አድርጉት፤ ከስድስት እስከ አሥር ቤተሰብ ይበቃል። በተቻለ መጠን ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ አጥቢያ፣ ከአንድ ዕድር አትሰብስቡ። በሌላ ከተማ የሚኖር አስታማሚ ከጎረቤት ይሻላል።

ቴሌግራም ወይስ ዋትሳፕ? በቴሌግራም በሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥር ማንም እንዳያይ ማድረግና በሌላ ስም መግባት ይቻላል፤ የግሩፕ መልእክቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም። ዋትሳፕ መልእክቱን ይመሰጥራል፤ በተለመደው ግሩፕ ግን ቁጥራችሁ ለአባላቱ ይታያል። እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሰዎች ቴሌግራም፣ ለሚተዋወቁና ለሚተማመኑ ዋትሳፕ እላለሁ። በሁለቱም መልእክት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ አድርጉት። ቮይስ መላክ ለደከመ ሰውና ፊደል ለማይመቸው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቮይስ ድምፅ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ያስታውቃል።

ደንቡ ገና በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። የታማሚ ፎቶና ቪዲዮ አይለጠፍም፤ ግራ የተጋባች እናትን ቀርጾ «እዩልኝ» ማለት ጤነኛ ብትሆን የማትፈቅደው ነገር ነው። ፎርዋርድ የተደረገ የጤና ወሬ አይገባም። የሚሸጥ ነገር አይገባም። መድኃኒት ጀምር ወይም አቁም የሚል ምክር አይሰጥም። ፀበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ በእምነት ስም መድኃኒት አስጥሉ የሚል ግን በዚያው ቀን ይወጣል። ሁለት ጠባቂ ይኑር፤ አንዱ የራሱ ታማሚ ሲብስበት ሌላው እንዲይዝ። ነጻ ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ መልክ ለመተያየት ያህል በወር አንድ ጊዜ 40 ደቂቃ መገናኘት በቂ ነው፣ እንዲያውም መዘጋቱ ወሬ ያሳጥራል።

የወንድማማች የቤተሰብ ግሩፕ ይህን አይተካም። ብር የምትልከው እህትና የምታጥበው እህት አንድ ግሩፕ ውስጥ ሲሆኑ ወሬው ማን ምን አደረገ ነው። አስታማሚዋ ስለ እህቷ የምታማርርበት ቦታም ያስፈልጋታል።

## ለታማሚዎቹ ለራሳቸው

ይህ ክፍል አጭር የሆነው አማራጩ ጥቂት ስለሆነ ነው። ዲሜንሺያ አልያንስ ኢንተርናሽናል የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቋቋም መሥራቾቹ ራሳቸው ታማሚዎች ነበሩ፤ ከነሱ አንዷ አውስትራሊያዊቷ ኬት ስዋፈር 50 ዓመት ሳይሞላት ነበር የተመረመረችው። አባል የሚሆነው በሐኪም የተረጋገጠ ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ብቻ ነው፤ ልጅም፣ ሚስትም፣ ነርስም አይገባም። በኦንላይን ቪዲዮ ይገናኛሉ፣ በነጻ ነው፣ ዋናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ መምህር ወይም መሐንዲስ ቤት ውስጥ ካለ ልጆቹ ለራሳቸው ፎረም ከመፈለጋቸው በፊት ይህንን ያሳዩት። በአንጻሩ ሁለተኛ ቋንቋቸው እየጠፋ ወደ አፍ መፍቻቸው የተመለሱ አዛውንት፣ ለምሳሌ ዕብራይስጥ ከሚናገሩ ልጆቻቸው ጋር በአማርኛ ብቻ የቀሩ የእስራኤል አባቶች፣ በስክሪን ሳይሆን ከእኩያቸው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ይሻላል።

## ግሩፕ የማይመልሰው ጥያቄ

ታማሚው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከተለወጠ፣ ማለት ከመጠን በላይ ግራ ከተጋባ፣ ከፈዘዘ፣ ወይም የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ፣ ይህ የዲሜንሺያው መባስ ነው ብላችሁ አትለጥፉ። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እንዲሁም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትም መርሳት ስለሚያመጡ «የኔም እናት እንዲሁ ነበረች» የሚል ምስክርነት ምርመራ አይሆንም።

አሜሪካ ላሉ የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን ስልክ 1-800-272-3900 ሌት ተቀን ይሠራል፤ ከ200 በላይ ቋንቋዎች በአስተርጓሚ ስለሚያገለግል እንግሊዝኛ ያልያዘች አስታማሚ አማርኛ ብላ መጠየቅ ትችላለች። የአቻ ድጋፍ ባይሆንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ያነሣል።

## በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ማን ያየዋል | ሰዓት | ቋንቋ | ጠባቂ | ዳታ |
|---|---|---|---|---|---|
| የጽሑፍ ፎረም | ማንም ያነባል፣ ማን እንደጻፈው ግን አይታወቅም | ሌት ተቀን | እንግሊዝኛ | አለ | በጣም ትንሽ |
| አወያይ ያለው ቪዲዮ | ጥቂት የተመዘገቡ ሰዎች | በቀጠሮ | እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ | የሠለጠነ | ብዙ፤ በድምፅ ብቻ ትንሽ |
| ፌስቡክ | አባላት፣ አንዳንዴ ማንም | ሌት ተቀን | የተለያየ | እንደ አድሚኑ | መካከለኛ |
| ትንሽ የአማርኛ ግሩፕ | ጥቂት፣ ግን ሊያውቋችሁ የሚችሉ | አባላቱ ሲነቁ | አማርኛ | ራሳችሁ | ትንሽ |
| የታማሚዎች ማኅበር | ታማሚዎች ብቻ | በቀጠሮ | እንግሊዝኛ | አለ | ብዙ |

## እንደየሁኔታው

እንግሊዝኛ ማንበብ ለምትችል፣ ቀን ጊዜ ለሌላት አስታማሚ ምክሬ ሁለቱን መከፋፈል ነው፤ መረጃውን ከፎረሙ አንብቡ፣ ሆዳችሁን በትንሿ የአማርኛ ግሩፕ ግለጡ። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ መጠበቅ ነው ብዙ ሰው የሚያስቀይመው።

እንግሊዝኛ ለማትችልና ዳታ ለሚቆጥርባት፣ ከሁለት ሌሎች አስታማሚዎች ጋር በቮይስ መጀመር ይበቃል። ሦስት ሰው ግሩፕ ነው። በማኅበረሰቡ መካከል ስሙ የሚታወቅ ቤተሰብ፣ የካህን ቤት ወይም የነጋዴ ቤት በሉት፣ ለጊዜው የአማርኛውን ትቶ በብዕር ስም ፎረም ላይ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ቋንቋው ቢጎድልም እንቅልፍ አይነሣም።

ታማሚው ከ65 ዓመት በታች ከሆነ፣ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ደመወዙም የቤቱ ምሰሶ ከሆነ፣ ሽማግሌ የሚያስታምሙ ሰዎች ወሬ አይመለከታችሁም፤ በአልዝኮኔክትድም በሌሎቹም በለጋ ዕድሜ ለተያዙ የተለየውን ክፍል ፈልጉ።

ታማሚው ካረፈ በኋላ ከግሩፑ መውጣት ግዴታ አይደለም። በአማርኛ ግሩፕ ውስጥ ከሁሉም የሚፈለገው እንዲያውም ያለፈበት ሰው ነው፤ የራሱ ሌሊት ስላበቃ የሌላውን ይሰማል። መቆየት ያልፈለገ ግን ሳያብራራ ይውጣ፣ ደንቡ ላይም ይጻፍለት።

በሥራ የሚያስታምሙት ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሆም ኬር የሚሠሩ፣ በዱባይና በሪያድ የአሠሪን እናት የሚያነሡና የሚጥሉ እህቶች ብዙ ናቸው፤ ማታ ማታ ከታማሚው ጋር የሚታገሉት እነሱ ሆነው ሳለ አስታማሚ ተብለው አይቆጠሩም። ለነሱ ትንሽ የአማርኛ ግሩፕ ከሁሉም ይሻላል፣ በአንድ ጥብቅ ሁኔታ፦ የታማሚው ስም፣ ፎቶ፣ አድራሻ ፈጽሞ አይነሣም። በአሜሪካ በኤጀንሲ በኩል የሚሠራ ሰው የታማሚን መረጃ እንዲጠብቅ ሂፓ በተባለው ሕግ ሊገደድ ይችላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት በወንጀል ያስከስሳል። «እማማ ዛሬ ምግብ አፏ ውስጥ ይዛ አልውጥ አለች፣ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የማን እናት እንደሆነች፣ የትኛው ሕንጻ ላይ እንደምትኖር፣ የአሠሪዋ ሥራ ምን እንደሆነ ግን ለምክሩ አያስፈልግም። ስልኩ በአሠሪ እጅ ሊገባ የሚችል ከሆነ መልእክት በ24 ሰዓት የሚጠፋበትን መንገድ አስቀድማ ታብራ።